አበበ ቢቂላ ሮማ ከመግባቱ በፊት

በመጽሔታችን ላይ የታላላቅ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ መጻፍ የተለመደ ስለ ሆነ እኔም በተራዬ የማራቶኑን ጀግና የሻምበል አበበ ቢቂላን ታሪክ ለመጻፍ ተነሥቻለሁ። ስሙን የማያውቅ ከመካከላችን አይገኝም፤ ነገር ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን ብቻ ነው። እኔን ከድሉ ይልቅ ከድሉ በፊት የነበሩት ዓመታት ስለሚያስደንቁኝ በእነርሱ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ደግሞም በዕድሜ አያቴን የሚያህል፥ በማዕርግም ሻምበል የነበረ ሰው «አንቱ» ሊባል የሚገባው ቢሆንም የወጣትነቱን ዘመን ስለምተርክ «እርሱ» እያልሁ ብጽፍ አስተማሪዎቼ ይቅር እንደሚሉኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ወደዚህ ነገር ያመጣኝ አንድ ትንሽ ውርደት ነው። ባለፈው ዓመት በጥር ወር በሆጤ ሜዳ በክፍሎች መካከል የ5 ሺህ ሜትር ሩጫ ውድድር ነበር። የመሮጫ ጫማ ስላልነበረኝ የአክስቴን ልጅ ጫማ ተዋስሁ፤ ጫማው ከእግሬ በአንድ ቁጥር ያንሳል። በአራተኛው ዙር ተረከዜ ተላጠ፤ በስድስተኛው ዙር ጫማውን አውልቄ በእጄ ይዤ መሮጥ ጀመርሁ። ይህን ያዩ ከሜዳው ዳር የቆሙ ልጆች የአበበ ቢቂላን ስም እየጠሩ ሳቁ። የሳቁት በክፋት አልነበረም፤ እኔም በእነርሱ ቦታ ብሆን እስቅ ነበር። እያነከስሁ ከሁሉ ኋላ ገባሁ።

ማታ ቤት ስደርስ አባቴ እግሬን አይተው ብዙ አልተቈጡኝም። ብቻ ሯጭ የሚሆን ሰው ገና በልጅነቱ እንደሚለይ፥ እስከ አሥራ ሰባት ዓመት ያልታየ ነገር ከዚያ በኋላ እንደማይመጣ ነገሩኝና መጽሐፌን እንድይዝ መከሩኝ። አያቴ ደግሞ፥ ዕድሜ ይስጣቸውና፥ ከምድጃው አጠገብ ሆነው ሲሰሙ ቈይተው ስለ አበበ ቢቂላ ሁለት ነገር አጫወቱኝ። አንደኛው፥ አበበ ሮማ የሄደው ሌላ ሯጭ በመጨረሻው ሰዓት ስለ ታመመ በዕድል ተተክቶ መሆኑን ነው። ሁለተኛው፥ በባዶ እግሩ የሮጠው ጫማ የሚገዛበት ስላልነበረው መሆኑን ነው። እነዚህን ሁለት ወሬዎች ከአያቴ ብቻ ሳይሆን ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። እንግዲህ የአባቴም ምክር የአያቴም ወሬ እውነት ከሆነ ነገሩ ሁሉ ዕድል ነው ማለት ነው፤ ለእኔም ቢሆን ከእንግዲህ መድከሙ ከንቱ ነው። ስለዚህ እውነቱን ለማወቅ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርሁ።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ ጃቶ በምትባል ትንሽ መንደር ነው። ከደሴ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው የጣርማበርን ዳገት ወጥቶ ደብረ ብርሃንን ሲያልፍ፥ የአበበ አገር በስተ ቀኝ በኩል በተዘረጋው ብርዳም ደጋ በመንዲዳ አካባቢ ነው። አባቱ ቢቂላ ደምሴ፥ እናቱ ወይዘሮ ውድነሽ ይባላሉ። አንድ የሚያስገርም ነገር ልጨምር፤ እርሱ በተወለደበት ቀን ከባሕር ማዶ በሎስ አንጀለስ ከተማ የኦሎምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር። በጃቶ ግን ማራቶን የሚባል ነገር መኖሩን የሚያውቅ ሰው ነበረ ብዬ አላስብም።

ሕፃኑ ሦስት ዓመት ሲሞላው የጣልያን ጦርነት መጣ። በዚያ ወራት ንጉሠ ነገሥቱ ጦሩን ለመምራት ወደ ደሴ መጥተው ነበርና ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ከተማችንን በቦምብ ደበደቧት። ይህን የምጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በኋላ ሮማ ስንደርስ እንመለስበታለን። የአበበም ቤተሰብ በጦርነቱ ምክንያት ከቀዬው ተሰድዶ ጎሮ ወደምትባል ሩቅ ስፍራ ሄደ። እናትና አባቱም ተለያይተው እናቱ ሌላ ባል አገቡ። ከጊዜ በኋላ ቤተሰቡ ወደ ጃቶ አካባቢ ተመልሶ በእርሻ ይተዳደር ጀመር።

ስለ ልጅነቱ ከሚነገረው ሁሉ ዋናው የገና ጨዋታ ነው። የገና ጨዋታ ምን እንደ ሆነ ለእኛ ለከተማ ልጆች በጥቂቱ መንገር ያስፈልጋል። ጫፉ ቈልመም ባለ በትር ሩር የምትባለውን ድቡልቡል እየመቱ፥ ሁለት ወገን ሆነው፥ እያንዳንዱ ወደ ራሱ ግብ ለማድረስ ይጋፋል። በቴኒስ ጨዋታ ሜዳው በኖራ የተሠመረ፥ በመካከሉ መረብ የተዘረጋ፥ ከፍ ካለ ወንበር ላይ ዳኛ የተቀመጠበት ነው። የገና ሜዳ ግን ወሰኑ ሁለቱ መንደሮች የተስማሙበት ነው፤ ግቦቹ አንዳንድ ጊዜ በኪሎ ሜትር የሚቈጠር ርቀት ይኖራቸዋል። የታረሰ ማሳ፥ ቦይ፥ ጅረት፥ የድንጋይ ካብ ሁሉ የሜዳው ክፍል ነው። ጌታም ሎሌም እኩል ይመታታል፤ በዚያ ቀን የተመታ ሰው መቈጣት ነውር ነው። አበበ በዚህ ጨዋታ ደኅና ተጫዋች ነበረ። በትሩን ይዞ ሩሯን ሲያሳድድ በየዓመቱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ሮጠ የቈጠረለት የለም፤ እርሱም ይጫወት ነበር እንጂ መለማመዱን አያውቅም።

አሁን ወደ አባቴ ምክር ልመለስ። አበበ በእኔ ዕድሜ፥ ማለት በአሥራ ስምንት ዓመቱ፥ ምን ነበረ? የገጠር ልጅ ነበረ። ከጃቶ ወጥቶ ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1943 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ግድም በክቡር ዘበኛ በ5ኛው እግረኛ ክፍል ተቀጥሮ ወታደር ሆነ። ያን ጊዜ ዕድሜው ወደ ሃያ ተጠግቷል። ማንም አሠልጣኝ አላየውም፤ በአንድም ውድድር ስሙ አልተጻፈም። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ወደ ውጭ ወጣሁና ለብቻዬ ጥቂት ተመላለስሁ።

ወታደር በሆነ ጊዜ ሩጫውን በራሱ ጀመረው። በ1950ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እኩሌታ ገደማ፥ በሱሉልታ ኮረብቶችና በአዲስ አበባ መካከል 20 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይመላለስ ነበር፤ ይህንንም ያደርግ የነበረው በየቀኑ ነው። አገሩን የማያውቅ ሰው ሱሉልታ ማለት ምን እንደ ሆነ አይገባውም። ከከተማው ተነሥቶ እንጦጦን መውጣት፥ ከዚያ ማዶ ወደ ሜዳው መውረድ፥ ደግሞ ያንኑ ዳገት መልሶ መውጣት ነው። ከእኛ አገር ምሳሌ ብሰጥ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ሐረጎን በእግሩ የወጣ ሰው ጕልበቱ ነገሩን ይነግረዋል።

እዚህ ላይ የባዮሎጂ አስተማሪያችን የነገሩንን መጨመር ይጠቅማል። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 500 ሜትር የሚበልጥ ደጋ ነው፤ ደሴም ከዚያ ከፍታ ብዙ አትርቅም። በእንዲህ ያለ ቦታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅን ያንሳል። ሰውነትም ይህን ለማካካስ ኦክሲጅን የሚሸከሙትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያበዛል። በደጋ የኖረና የተለማመደ ሰው ወደ ቈላ ወርዶ ሲሮጥ ትንፋሹ የሚበረታው ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ በደጋ የሚኖር ሁሉ አበበ ቢቂላ አይሆንም፤ እኔም የምኖረው ደሴ ነው፥ በጥር ወር የሆነውን ግን ከላይ ተናግሬአለሁ።

በዚህ ጊዜ ነው ኦኒ ኒስካነን የተባሉ ሰው ያዩት። ኒስካነን በፊንላንድ ተወልደው ስዊድናዊ የሆኑ፥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ አገራችን መጥተው በመንግሥት ተቀጥረው የክቡር ዘበኛን ወታደሮች ስፖርት ያሠለጥኑ የነበሩ ሰው ናቸው። በእርሳቸው ትምህርት ሩጫ ማለት ዝም ብሎ መሮጥ አልነበረም። ረዥሙን መንገድ አንድ ቀን፥ አጭርና ፈጣን ሩጫን እያሳረፉ መደጋገም ሌላ ቀን፥ ዳገት ደግሞ ለብቻው እየለዩ በሰዓት ይለኩ ነበር። አበበ ጕልበቱን ከጃቶና ከሱሉልታ ይዞ ቢመጣም፥ ጕልበትን በ42 ኪሎ ሜትር ላይ ቈጥቦ ማካፈልን የተማረው ከዚህ ሰው ነው ብል ስሕተት አይመስለኝም።

ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1956 በሜልቦርን ከተማ ነው። አበበ ከሄዱት መካከል አልነበረም። በዚያው ዓመት በተደረገው የጦር ኃይሎች ውድድር ግን ሮጦ ሁለተኛ ወጣ። አንደኛ የወጣው ዋሚ ቢራቱ ነው፤ በዚያ ዘመን የሩጫ ስም ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠራው እርሱ ነበር። እንግዲህ የአበበ የሯጭነት ሥራ የተጀመረው በመሸነፍ ነው፤ ያን ጊዜ ዕድሜው ሃያ አራት ነበር። ታሪኩን የሚጽፉ ሰዎች ከዚህ በኋላ ቶሎ ብለው ወደ ሮማ ያልፋሉ። እኔ ግን በመካከሉ አራት ዓመት እንዳለ ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። አራት ዓመት ማለት እኛ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የምናሳልፈው ጊዜ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ በማለዳ ተነሥቶ፥ የወታደር ሥራውን ሠርቶ፥ ዳገቱን ሲወጣና ሲወርድ በዓለም ላይ ስሙን የሚያውቅ ጋዜጣ አልነበረም።

ስለ ገንዘብም አንድ ቃል ልበል፤ የዛሬ ሯጮች በሩጫቸው ሕንፃ ሲያሠሩ ስለምናይ ያኔም እንዲሁ ይመስለናል። በዚያ ዘመን በስፖርቱ ገንዘብ የሚቀበል ሰው በኦሎምፒክ እንዲካፈል አይፈቀድለትም ነበር። ቴኒስን ብንወስድ እንኳ በገንዘብ የሚጫወቱ ባለሙያዎች እንደ ዊምብልደን ባሉ ታላላቅ ውድድሮች እንዲገቡ የተፈቀደው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1968 ነው። የአበበ መተዳደሪያ የወታደር ደመወዙ ነበር፤ ሙያውም ውትድርና ነበር።

የ1952 ዓ.ም. ክረምት መጣ። አበበ በመጋቢት ወር ወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስን አግብቶ ነበርና አዲስ ሙሽራ ነው። በዚያ ክረምት በአዲስ አበባ ማራቶን ሮጦ አሸነፈ፤ ይህም የመጀመሪያ የማራቶን ድሉ ነው። ከአንድ ወር በኋላ እንደገና ሮጦ በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ገባ። እዚህ ላይ ቈም ብለን እንመልከት። በጊዜው የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን የቼኮዝሎቫኪያው ኤሚል ዛቶፔክ በ1952 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በሄልሲንኪ ያስመዘገበው 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ3 ሴኮንድ ነበር። አበበ ከዚህ በ1 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ፈጥኖ ገብቷል፤ ያውም በአዲስ አበባ ስስ አየርና ዳገት ላይ። ይህን ቍጥር ወደ አያቴ ወስጄ አነበብሁላቸው። እንዲህ ያለ ሰው የሚመረጠው በሌላው መታመም ነው ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። ማንም ታመመ ማን አልታመመ ኒስካነን የሚያውቁት ሰዓት በእጃቸው ነበር፤ የአበበ መሄድም አስቀድሞ የታሰበበት ጉዳይ ነው። አያቴ ሰምተው ዝም አሉ። በኋላ ግን ለጎረቤት ሲያወሩ ያንኑ የድሮውን ወሬ ሲደግሙት ሰማኋቸው፤ ወሬው ስለሚጣፍጥ ይመስለኛል።

ለሮማው ማራቶን የተመዘገቡት ሁለት ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ አበበ ቢቂላና አበበ ዋቅጅራ። አሁን የጫማው ነገር ይመጣል። አበበ ሮማ ከደረሰ በኋላ አዲስ የመሮጫ ጫማ ገዛ። ጫማው ግን ለእግሩ አልተስማማውም፤ እግሩን ላጠው። ስለዚህ በባዶ እግሩ ለመሮጥ ወሰነ። ነገሩ ይኸው ነው። ጫማ አጥቶ አልነበረም፤ የማይስማማ ጫማ አድርጎ 42 ኪሎ ሜትር ከመሰቃየት በለመደው እግሩ መሮጥን መረጠ። ይህን ሳነብ ተረከዜን እያሻሸሁ ብቻዬን ሳቅሁ። በእኔና በእርሱ መካከል ያለው ልዩነት ግን ብዙ ነው፤ እርሱ ጫማው እንደማይሆነው አስቀድሞ ለክቶ ወሰነ፥ እኔ ግን በስድስተኛው ዙር ነው የነቃሁት። ደግሞም የእርሱ ውስጥ እግር ከልጅነቱ ጀምሮ በጠጠርና በሣር የጠነከረ ነበር።

ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ ማለት የእንቍጣጣሽ ዋዜማ ነበር። በሮማ ሙቀቱ ጽኑ ስለ ሆነ ውድድሩ በማታ እንዲሆን ተወስኖ፥ በአገሩ ሰዓት ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ 69 ሯጮች ከካፒቶል ኮረብታ ግርጌ ተነሡ። ሙሶሊኒ በኢትዮጵያ ላይ ጦር መዝመቱን ለሕዝቡ ያወጀው ከዚያ ኮረብታ አጠገብ ካለው የቬኔዚያ ቤተ መንግሥት ሰገነት ነበር። ከደሴ ላይ ቦምብ የጣሉት አውሮፕላኖች የመጡት ከዚያ አዋጅ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የሦስት ዓመት ሕፃን የነበረው የጃቶ ልጅ አሁን በደረቱ 11 ቍጥር ለጥፎ ከዚያው ስፍራ ቆሟል።

በመጀመሪያ አበበ ከመሪዎቹ ጋር ሆኖ ከኋላቸው ይሮጥ ነበር። እስከ 20ኛው ኪሎ ሜትር ድረስ መሪዎቹ ብዙ ጊዜ ተለዋወጡ። ወደ 25ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ሁለት ሰዎች ብቻ ከሌሎቹ ተለይተው ወጡ፤ አበበና የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም። እዚህ ላይ አንድ አስቂኝ ነገር አለ። ራዲ በማራቶኑ ሊለብስ የሚገባው 26 ቍጥር ነበር፤ ነገር ግን ሳይቀበለው ቀርቶ ቀድሞ የተሰጠውን 185 ቍጥር ለብሶ ሮጠ። ስለዚህ አበበ ተጠንቀቀው የተባለውን ባለ 26 ቍጥር ሰው በዓይኑ ሲፈልግ፥ የሚፈልገው ሰው ከጎኑ ይሮጥ ነበር ይባላል።

ጨለመ። ሯጮቹ በጥንቱ በአፒያ መንገድ ሲመለሱ የጣልያን ወታደሮች በግራና በቀኝ ተሰልፈው ችቦ አብርተው ይዘው ነበር። በዚያው ማታ በአገራችን በብዙ ቤት ለዘመን መለወጫ ችቦ ይበራ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ምንም ሳይነጋገሩ ትከሻ ለትከሻ ሆነው ወደ ከተማው ቀረቡ። በመንገዱ ላይ ፖርታ ካፔና በሚባለው አደባባይ የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር፤ ጣልያኖች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1937 ነቅለው የወሰዱት፥ ወደ አገሩም በ2005 የተመለሰልን ያው ሐውልት ነው። አበበ ከውድድሩ በፊት መንገዱን ከአሠልጣኙ ጋር ሲመለከት ይህን ስፍራ ምልክት እንዳደረገው ይነገራል። ወደ ሐውልቱ ሲቃረቡ፥ መጨረሻው 500 ሜትር ያህል ሲቀረው፥ አበበ ፍጥነቱን ጨመረ። ራዲ ሊከተለው አልቻለም።

አበበ ከቈንስጣንጢኖስ ድል መታሰቢያ በር ሥር የገባው በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ ነው። ራዲ ከ25 ሴኮንድ በኋላ ገባ። ቀድሞ የዓለም ክብረ ወሰን የነበረው የሶቪየቱ ሰርጌ ፖፖቭ በ1958 ያስመዘገበው 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ17 ሴኮንድ ስለ ነበረ፥ አበበ የሰበረው በአንድ ሴኮንድ አሥር እጅ በስምንቱ ብቻ ነው። ክብረ ወሰኑን ሂሳብ አስተማሪያችን እንዳሰሉልን በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 3 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ ያህል መሮጥ ማለት ነው። ሆጤ ሜዳ ላይ አንዱን ኪሎ ሜትር ብቻ እንዲህ ለመሮጥ ሞክሩ፤ እኔ ሞክሬ አልቻልሁም። ሌሎቹ በየመሬቱ ሲወድቁ አበበ ጐንበስ ብሎ ጣቶቹን ይነካ፥ በቆመበትም እግሩን ያንቀሳቅስ ጀመር። አበበ ዋቅጅራም 7ኛ ወጣ፤ ይህም ትንሽ ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን ሁለት አበበዎች በነበሩበት ቀን የአንዱ ስም ተረሳ። ከጥቁር አፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሎምፒክ ወርቅ የተገኘው በዚያ ማታ ነው፤ ዓመቱም 17 የአፍሪካ አገሮች ነጻ የወጡበት ነበር።

አያቴ ያን ጊዜ በገጠር ጎልማሳ ነበሩ። በእንቍጣጣሽ ዕለት ስለዚህ ነገር በመንደራቸው የተወራ ነገር እንዳልነበረ፥ ወሬው የደረሳቸው ከቀናት በኋላ ከአዲስ አበባ በመጡ የጭነት መኪና ሾፌሮች መሆኑን ነግረውኛል። ሾፌሮቹም እየጨማመሩ ነበርና አያቴ የሰሙት አበበ መላውን ጣልያን በእግሩ እንደ ዞረ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የታወቀ ስለ ሆነ በአጭሩ አልፈዋለሁ። አበበ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ እጅግ ብዙ ሕዝብ ተቀበለው፤ ንጉሠ ነገሥቱም ኒሻን ሸልመው የአሥር አለቅነት ማዕርግ ሰጡት። ዓለም ያወቀው ሰው ገና አሥር አለቃ መሆኑ ነው። ሦስት ወር ሳይቈይ፥ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፥ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲያደርጉ፥ አበበ በነገሩ ባይኖርበትም የክፍሉ ሰው ስለ ሆነ ለጥቂት ጊዜ ታስሮ ተመረመረ። በዚያው ዓመት በአቴና ሮጦ አሸነፈ፤ በባዶ እግሩ የተወዳደረበት ሁለተኛውና የመጨረሻው ማራቶን ይህ ነው። በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. በቦስተን ከማሞ ወልዴ ጋር ሆኖ በታላቅ ፍጥነት ሲመራ ቈይቶ ቀዝቃዛው ነፋስ አደከመውና 5ኛ ወጣ፤ ከጀመረና ከጨረሰ ያላሸነፈው ይህን ብቻ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶክዮ፥ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከአምስት ሳምንት በኋላ፥ በዚህ ጊዜ በልኩ በሆነ ጫማ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ እንደገና የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ያሸነፈ ከእርሱ በፊት አልነበረም። በሜክሲኮ በ1961 ዓ.ም. እግሩ ተጐድቶ ስለ ነበር ውድድሩን ሳይጨርስ ወጣ፤ ድሉን ማሞ ወልዴ ወሰደ።

በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር በሌሊት የሚነዳው ቮልስዋገን ተገለበጠና ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለብዙ ወራት ታከመ፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱለትም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1970 በዚያው በስቶክ ማንደቪል ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጀ ውድድር በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ቀስት በመወርወርና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በሚቀጥለው ዓመት በኖርዌይ በበረዶ ተንሸራታች ጋሪ ውድድር አሸነፈ። በልጅነቱ የገና በትር የያዘው እጅ በመጨረሻ የቴኒስ መምቻ መያዙን ሳስብ ነገሩ ያሳዝነኛልም፥ ደስ ያሰኘኛልም። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአርባ አንድ ዓመቱ አረፈ፤ በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ሲቀበር ንጉሠ ነገሥቱና እጅግ ብዙ ሕዝብ ተገኝተው ነበር።

ስለ ራሴም የጀመርሁትን ልጨርስ። በክረምቱ በአንድ ሱቅ ዕቃ በማውረድ ባገኘሁት ገንዘብ በልኬ ጫማ ገዛሁ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በየቅዳሜው ማለዳ ወደ ጦሳ ተራራ ግርጌ እየሄድን ዳገት እንሮጣለን። ዘንድሮ በጥር ወር በዚያው በሆጤ ሜዳ 31 ሆነን ሮጥን፤ እኔ 9ኛ ወጣሁ። ማታ አባቴ ስንተኛ እንደ ወጣሁ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። ጥቂት አሰቡና ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚጀመርበትን ቀን ጠየቁኝ።